ሦስተኛው ፔዳል

ሐምሌ 9 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ አምቦ

ይህ ደብተር የከብት ክትባት መመዝገቢያ ነበር። ከፊቱ የጌዶና የደንዲ በሬዎች አሉበት፤ ከኋላው ባዶ ነው። ሚስቴ ፈትለወርቅ የኔን ንዴት መስማት ስለሰለቻት ከዛሬ ጀምሮ እዚህ እጽፋለሁ።

መኪናዬ ቆመች። ጌዶ ላይ ሆዷ የተነፋ ጊደር አክሜ ስመለስ፣ የጉደርን ድልድይ ተሻግሬ ዳገቱን ስጀምር ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን ወይ ፍንክች! ነዳጅ ስጨምር ጩኸቱ ይጨምራል እንጂ ጎማው አይዞርም። ቀጥሎ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ዝናቡ ደግሞ ይወርደዋል። እህል የጫነ አይሱዙ በገመድ ጎትቶ እስከ ፈይሳ ጋራዥ አደረሰኝ። መንገድ ላይ የሚያውቀኝ ሁሉ ቆሞ ያያል፤ «ዶክተር ወሰኑ ናቸው የሚጎተቱት?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ዶክተር እንኳ አይደለሁም። ሠላሳ ስድስት ዓመት የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ፤ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ በግሌ እየዞርኩ አክማለሁ። ገበሬው ዶክተር ካለኝ እኔ ምን ቤት ነኝ።

ሐምሌ 10

ፈይሳ አያት። የተቃጠለው ካምቢዮው ነው። ዘይቱን በጣቱ አውጥቶ አሳየኝ፤ ጥቁር ሆኗል።

ሁለት መንገድ አለ ይላል። አንደኛው፣ አውቶማቲኩን ካምቢዮ አውርዶ አዲስ አበባ ያንን ብቻ ለሚሠራ ሰው መላክና ውስጡን አሳድሶ መመለስ። ሁለተኛው፣ እሱ ጋር ከተጋጨች መኪና የወረደ ሞተር ከነማንዋል ካምቢዮው ስላለ ሁለቱንም ባንዴ መቀየር። «ሁለተኛው ይሻላል ዶክተር። ማንዋል አምቦ ውስጥ የማይሠራው መካኒክ የለም። አንዴ ከቀየሩ ያርፋሉ» አለኝ።

ያርፋሉ! የሚያርፍ ሬሳ ነው። ማንዋል ማለት ፍሪሲዮን ነው፤ ፍሪሲዮን የሚረገጠው በግራ እግር ነው። የኔ ግራ ጉልበት ከሞተር ሳይክል ከወደቅኩበት ከ1992 ጀምሮ አልታጠፍ ብሎ እንደ አጣና ተገትሮ ቀርቷል። ይህችን መኪና ስገዛ አውቶማቲክ ፍለጋ አገር ያዳረስኩት ለምን ሆነና! ሁለት ፔዳል፣ አንድ ደህና እግር፣ በቃ። ሦስተኛ ፔዳል ከገባባት ሊብሬው ላይ ስሜ ይኖራል እንጂ እኔ ተሳፋሪ ነኝ።

ሐምሌ 12

ለፈትሌ ነገርኳት። «ማንዋሉ ይሁና» አለች፣ ሽንኩርት ከመክተፉ ቀና ሳትል።

«ጉልበቴን ረሳሽው?»

«አልረሳሁም።»

ሌላ ቃል አልጨመረችም። አስተማሪ ናት፤ አንድ ነገር ጠይቃችኋት ሦስት ምሳሌ ሳትሰጥ አትለቅም። ዛሬ ምን ነካት?

ሐምሌ 15

ተናድጃለሁ። ፈይሳ ካምቢዮውን አወረደ፤ ጎማዎቹንም አወለቀ። ማን አውልቅ አለው?

«የፍሬን ሸራ የቀየርነው ሚያዝያ ላይ ነበር አይደል?» አለኝ።

«አዎ፣ ምነው?»

«አልቋል። ሦስት ወር እንኳ በቅጡ አልሠራም።» ጨርቅ ይዞ እጁን ሲጠርግ ቆየ። «አይቆጡኝና ዶክተር፣ ፍሬንና ነዳጅ አንድ ላይ ይረግጣሉ እንዴ? ካምቢዮን እንዲህ የሚያቃጥለው እሱ ነው።»

ምን አልኩት መሰላችሁ? አንተ ጡጦ ስትጠባ እኔ እነዳ ነበር አልኩት። ሰውየው ሁለት ልጅ ድሯል። ውሸቴን ነው፣ ግን ያናግራል!

ሐምሌ 16

ቦት ጫማው ነው። ለበረት የሚሆን ሰፊ ጎማ ጫማ ነው፤ ከፔዳሉ አልፎ ይሄዳል። ለፈይሳ ይህን ልነግረው ይገባ ነበር። ያለ ቦት ጫማ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ከብት አይታከምም።

ሐምሌ 20

አምስት ቀን ከቤት አልወጣሁም። ስልኬ ይጮሃል። ጌዶ በግ ይሞታል፣ ጊንጪ ዙሪያ ጥጃ ያስላል። ለሁሉም «መኪናዬ ጋራዥ ናት» እላለሁ። መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ባጃጅ እቆጥራለሁ። ዝናቡ ያባራል ስል መልሶ ይመጣል። የታሰረ ሰው እንኳ የሚፈታበትን ቀን ያውቃል።

ፈትሌ «እስቲ ትንሽ ዕረፍ» ትላለች። እሷ ከሰኔው ነገር ወዲህ በኔ መኪና ሄድ መለስ ማለት ትታለች፤ ሚኒባስ ይሻለኛል ትላለች። የሰኔው ነገር ምንም አልነበረም። ጊንጪ ገበያ መውጫው ላይ አህያ ገባችብኝ፤ መኪናዋ ቆመች፤ አለቀ። ማን ላይ አህያ አልገባም?

ሐምሌ 23

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ኦቦ ሮባ ከደንዲ ደወለ። የቆየ ደንበኛዬ ነው፤ አባቱንም አውቀው ነበር። ላሚቱ ሌሊት ወልዳ መነሳት አቅቷታል። የዚህ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ካልሲየም በደም ሥር ይሰጣል፣ ሰዓት ሳያልፍ። በመኪና ቢሆን ቶሎ እደርሳለሁ።

«መጣሁ» አልኩት።

ሳጥኔን ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ። ሚኒባሱ ካልሞላ አይነሳም። ጊንጪ ወርጄ ጋሪ ፈለግኩ፤ በዚያ ጭቃ ጋሪው ግማሽ መንገድ ላይ ተወኝ። የቀረውን በዚህ ጉልበቴ ሄድኩት። ስደርስ ላሚቱ ከሞተች ሰዓት አልፏታል። ሮባ ክፉ አልተናገረኝም። «ናጋ ነው ዶክተር፣ ሰላም ነው» እያለ እርጎ አቀረበልኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እርጎው አልወርድ አለኝ።

ማታ ቦት ጫማዬን ሳወልቅ ካልሲዬ ደም ነው። ሚስማር ከጋሪው ይሁን ከበረቱ እንጃ፣ በጫማው አልፎ ቀኝ ውስጥ እግሬ ገብቷል። ቀኑን ሙሉ ሄጄበታለሁ። ፈትሌ ሚስማሩን በጉጠት አውጥታ አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«አላመመህም?»

«ችኮላ ላይ ነበርኩ።»

እግሬን በጨው ውሃ ስታጥብ አቀርቅራ ነበር፤ እያለቀሰች መሆኗን ያወቅኩት ኋላ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ትንሽ እግሩ ይደነዝዛል። ሐኪሙም ብሎኛል። ትንሽ።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ፈትሌ ገና ሳይነጋ «ኪዳን ላደርስ» ብላ ወጣች፤ የተመለሰችው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ክረምት ስለሆነ ትምህርት ቤት የለባትም፤ ትጸልይ።

ነሐሴ 4

ቆርጫለሁ። ፈይሳን «ካምቢዮውን አዲስ አበባ ላከው፤ ይታደስ፤ ማንዋል የሚባል ነገር ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ» አልኩት። ከሮባ ላም ሞት ጋር ከሳምንት በላይ ስታገል ከርሜ ነው የወሰንኩት። ሁለተኛ በኔ ምክንያት እንዲያ የሚሞት ከብት የለም።

ለፈትሌም ነገርኳት፤ «እሺ» አለች። ልትሟገተኝ ነው ብዬ መልሴን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

ነሐሴ 7

ካምቢዮው ተልኳል ይላል ፈይሳ። እሰይ!

ፈትሌ ግራ ታፋዋን ይዟታል። ስግደት በዝቶባት ነው።

ነሐሴ 10

ከአዲስ አበባ ወሬ የለም። ፈይሳ «ዕቃ እየጠበቀ ነው» ይለኛል።

ዛሬ ምሳ ላይ ፈትሌ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ወሴ፣ ግማሽ ፍሪሲዮን ማለት ምንድነው?» ሽሮው ትን አለኝ። ምን ልታደርጊበት ነው ብላት «እንዲያው ሚኒባስ ውስጥ ሲያወሩ ሰምቼ» አለች። አስረዳኋት። ዳገት ላይ መኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ፍሪሲዮኑን ግማሽ ድረስ ለቀቅ አድርገሽ ትይዥዋለሽ፣ ሞተሩ ሲያጓራ ነዳጅ ትሰጫለሽ አልኳት። በጥሞና ሰማችኝ። «ነዳጁን ስሰጥ ፍሪሲዮኑን ባንዴ ነው የምለቀው?» አለች። ቀስ ብለሽ ነው እንጂ ሞተሩ ይጠፋብሻል አልኳት። መቼም አስተማሪ ሁሉን ማወቅ ይወዳል።

ነሐሴ 13

ወሬ የለም። ዕቃ ዕቃ ዕቃ። ምን ዓይነት ዕቃ ነው፣ ከሰማይ ነው የሚወርደው?

የፈትሌን መዝሙረ ዳዊት ከወንበር ላይ ሳነሳ ከማኅደሩ ውስጥ ትንሽ መጽሐፍ ወደቀች፤ የመንገድ ምልክቶች። የጎረቤታችን የለንሳ ትሆናለች፤ ለንሳ መንጃ ፈቃድ አወጣለሁ ስትል ሰምቻለሁ። መልሼ አስገባኋት። በጸሎት መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይቀመጥም ልላት ብዬ ተውኩት።

ነሐሴ 18

በንዴት ነው የምጽፈው። ጽሕፈቴ ባይነበብም ልጻፈው።

ዛሬ ሳልናገር ጉዩ በሚባለው የሰፈራችን ልጅ ባጃጅ ጋራዥ ሄድኩ። ፈይሳ ምሳ ወጥቷል። ከበሩ ኋላ በላስቲክ የተሸፈነ ነገር አየሁና ገለጥ አደረግኩት። ካምቢዮዬ! ያው እንደወረደ፣ ዘይቱ መሬት ላይ ደርቆ። አዲስ አበባ ሁለት ሳምንት ሲታደስ የከረመው ካምቢዮ ይኸው ነው።

ፈይሳ ሲመጣ ላዩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩት። ሲያየኝ ቆመ።

«ዶክተር...»

«ዕቃ እየጠበቀ ነው አይደል?»

«ወይዘሮ ፈትለወርቅ ናቸው» አለ መሬት መሬት እያየ። «ትንሽ አዘግይልኝ፣ እኔ እነግረዋለሁ አሉኝ። እኔም ዕውነቱን ለመናገር... አሳድሼ ብገጥመው በሦስት ወር መልሶ ይቃጠላል ዶክተር። ካምቢዮው ብቻ ቢቃጠል ምንም አልነበር።»

ትቼው ወጣሁ። ቤት ስገባ ፈትሌ ደብተር ታርማለች፤ በክረምት የምታስጠናቸው ልጆች አሉ። ጮህኩባት። በሠላሳ ዓመት ትዳር እንዲህ ጮሄባት አላውቅም። ከመካኒክ ጋር ተማክረሽ ቤት ውስጥ ቆልፈሽብኝ፣ ቂል አድርገሽኝ፣ ስልኩ ሲጮህ እያየሽ፣ የሮባ ላም ስትሞት እያየሽ!

እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ እስክሪብቶዋን ከደነች።

«ስንቴ ልንገርህ? በነገርኩህ ቁጥር ቦት ጫማ ትለኛለህ። ሰኔ ላይ ጊንጪ መኪናውን ማን አቆመው?»

«እኔ ነኛ!»

«የእጅ ፍሬን የሳብኩት እኔ ነኝ። አንተ ቆሜያለሁ ብለህ ነዳጅ ላይ ነበርክ። አህያ ትላለህ። አህያዋን የምትነዳውን ሴት አላየሃትም? ልጅ አዝላ ነበር። መኪናህ ቀሚሷን ነክቶ ነው የቆመው፣ ወሰኑ!»

ወሴ አላለችኝም። ወሰኑ አለችኝ።

«እሺ አንቺ ንጂው፣ አውቶማቲኩም ይታደስ» ልላት ፈለግኩ መሰለኝ። ሳልናገር መለሰችልኝ። «አውቶማቲክ ከሆነ ሮባ በደወለ ማግስት ቁልፉን ይዘህ ትወጣለህ። አውቅሃለሁ። ለዚህ ነው የማይሆነው።» ኪዳን እያለች የምትወጣው የመኪና ማሰልጠኛ እንደነበርም ነገረችኝ። የጽሑፉን ፈተና አልፋለች፤ የተግባሩ ጳጉሜን ላይ ነው። በአምሳ አራት ዓመቷ!

ከክፍሌ አልወጣሁም። ራትም አልበላሁ።

ነሐሴ 19

ሰኔ ላይ የጻፍኩት ካለ ብዬ የክትባቱን ገጽ ገለበጥኩ። በዚያ ቀን ሰባት በሬ ከተብኩ ይላል። ስለ መንገዱ ምንም የለም። እኔ ደግሞ ምንም ያልሆነ ነገር አልመዘግብም።

ሴትዮዋን አይቻታለሁ። ነጠላዋ አረንጓዴ ጥለት ነበረው። የአህያዋን አንገት አቅፋ ቆማ ታየኝ ነበር፤ እኔም አየኋት፤ ከዚያ ማርሽ አስገብቼ ሄድኩ። ወርጄ እንኳ ደህና ነሽ አላልኳትም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ነሐሴ 20

ከፈትሌ ጋር አልተነጋገርንም። ምሳ አቀረበች፣ በላሁ።

አሁንም ቢሆን ቀስ ብዬ ብነዳ፣ ቦት ጫማውን ትቼ፣ በጠፍጣፋ ጫማ...

ነሐሴ 24

ፈይሳ ራሱ ቤት መጣ። ደፋር ነው። «ዶክተር፣ ነገ ጠዋት ካምቢዮውን በራሴ እጅ አዲስ አበባ አደርሰዋለሁ። አንድ ነገር ካደረጉልኝ ነው» አለኝ። ምን? «መኪናው ላይ ይቀመጡ፣ ሌላ ምንም።»

ሄድን። መኪናዋ ድንጋይ ላይ ተሰቅላለች፤ ካምቢዮ የላትም፣ ፔዳሎቹ ግን በቦታቸው ናቸው። ጫማዬን አስወልቆ መሪው ጋ አስቀመጠኝ። እሱ በተከፈተው በር ጎን በጉልበቱ ተንበረከከ።

«ፊት ለፊት ይመልከቱ፣ መንገድ እንደሚያዩ። ዝቅ እንዳይሉ። ፍሬን ይርገጡ።»

ረገጥኩ።

«ይልቀቁ። ነዳጅ።»

ረገጥኩ። በውስጤ «አሁን አየኸው አይደል» እላለሁ፤ እግሬ እንደ ድሮው መንገዱን ያውቃል።

«ይጨምሩበት ዶክተር። ጠንከር ያድርጉ። አሁን እግርዎ የት ነው?»

«ነዳጅ ላይ ነዋ!»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ፈይሳ፣ አትቀልድብኝ።»

«እንግዲያው ዝቅ ብለው ይዩ» አለ።

ዝቅ አልኩ። የምረግጠው የፈይሳን እጅ ነው። መዳፉን ፔዳሉ ላይ ዘርግቷል፤ እኔ በባዶ እግሬ ባለ በሌለ ኃይሌ ተጭኜዋለሁ። ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል። የሰው እጅ ይሞቃል፣ አጥንት አለው፣ ጸጉር አለው። እኔ ብረት ነው የረገጥኩት። ብረትም አልነበረም፤ ምንም አልነበረም፤ ነዳጅ ነው ያልኩት ነዳጅ ሊሆን ስለሚገባው ብቻ ነው።

እግሬን ለማንሳት እንኳ በዓይኔ ማየት ነበረብኝ። ፈይሳ እጁን አሻሸ። «ናጋ ነው» አለኝ እሱም። ይቅርታ ልለው ፈልጌ የወጣኝ ሌላ ነው፤ «የዚያኛው ሞተር ወረቀት አለው?» አልኩት።

«አለው ዶክተር።»

«ግጠመው።»

ፈትሌ ስገባ በር ላይ ነበረች። ተቃቅፈን ቆየን። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፤ ልጻፈው እንግዲህ፣ ማን ያነበዋል።

ጳጉሜን 2

ሞተር ሲቀየር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ስለሚለይ ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ይገባል። ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። «ጉዳዩ፦ የሞተርና የካምቢዮ ለውጥ እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ ይሆናል።» እስከዚህ ቀላል ነው። «ምክንያቱም» ካልኩ በኋላ እስክሪብቶው ቆመ። ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። በመጨረሻ «ምክንያቱም ቀኝ እግሬ ስለማይሰማኝ ፍሬንና ነዳጅ ባንድነት በመርገጥ ነባሩን ካምቢዮ ስላቃጠልኩት፣ ከእንግዲህም ተሽከርካሪውን የምትነዳው ባለቤቴ ስለሆነች ነው» ብዬ ፈረምኩ።

የመስኮቱ ሠራተኛ ጉዴ ትባላለች። አንብባ ሳቀች፤ ከዚያ አየችኝና ሳቋን ተወች። «አባቴ፣ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። 'ነባሩ ካምቢዮ በመበላሸቱ' ካሉ ይበቃል» አለችኝ።

«እንደተጻፈ ይግባ» አልኳት። መዝገብ ቁጥር ሰጠችኝ።

ጳጉሜን 5

ፈትሌ የተግባር ፈተናውን አለፈች። ዳገት ላይ ሞተር አላጠፋችም። እኔ ያስረዳኋት ነው አልኩ፤ ከማሰልጠኛው ይልቅ ላንተ ይሁን አለችኝ። ከአንድ ወር በኋላ የሳቅንባት የመጀመሪያዋ ቀን ናት።

መስከረም 12 ቀን 2012

መኪናዋ ወጣች። ሦስት ፔዳል። ከጎኗ ተቀምጬ ጉደር ድረስ ሄድን። ማርሽ ስትቀይር ሳላስበው ቀኝ እግሬ ይነሳል፤ የሚያርፍበት ግን ባዶ ወለል ነው። በጣም ቀስ ብላ ትነዳለች፤ ጋሪ ቀደመን። ምላሴን ነክሼ ተቀመጥኩ።

መስከረም 28

ይህን የምጽፈው የፈትሌ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ ነው።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሮባ ደወለ። የቀረችው አንዷ ላሙ ወልዳ ተኝታለች፤ ያው እንደዚያኛዋ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ለእንዲህ ያለ ስልክ መልሴ አንድ ነው፤ «መጣሁ»። ብዬው ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ነው ያስታወስኩት።

ለፈትሌ ደወልኩ፤ ክፍል ስትገባ ስልኳን ታጠፋለች። ሳጥኔን ይዤ በጉዩ ባጃጅ ከነፍኩ። ዘበኛው የድሮ ተማሪዋ ነው፤ ግን «ፈተና ላይ ናቸው ጋሼ፣ ዳይሬክተሩ ደግሞ ስብሰባ ወጥቷል፤ ሳይፈቅድ ከክፍል ሰው አላስጠራም» ይለኛል። ለመንኩት። ላም ናት አልኩት። «ላም?» አለ። መኪናዬ በአጥሩ ቀዳዳ ትታየኛለች፤ ጥላ ሥር ቆማለች፣ ታጥባለች፣ ቦሎዋ አዲስ ነው። ቁልፉ ፈትሌ ቦርሳ ውስጥ ነው። መናኸሪያ ብሄድ ያው እንዳለፈው ነው። ፈተናው የሚያልቀው አምስት ሰዓት ነው፤ አሁን አራት ከሩብ።

ሮባ ደወለ። አላነሳሁም።

እንደገና ደወለ። አላነሳሁም። ይህችን አንዷን ላም ካጣ ለልጆቹ ወተት የለም።

ሦስተኛ ሲደውል አነሳሁለት።

«የት ደረስክ ዶክተር?»

ጊንጪን አልፌያለሁ ልለው ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ገና አምቦ ነኝ» አልኩት። «እግሬ ሞቷል ሮባ። መንዳት አልችልም። የሚነዳኝ ሰው እየጠበቅኩ ነው።»

ስልኩን አልዘጋም። ከኋላው ላሚቱ ስታቃስት ትሰማኛለች።